የካቲትን ከየካቲት ጋር ማወዳደር ያስከፈለኝ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ወተት ቤት አለኝ። ጥቅምት 2017 ላይ ከአዘዞ በኩል ወተት ከሚያመጡልኝ ገበሬዎች ጋር እስከ የካቲት መጨረሻ ተዋዋልኩ። በቀን 60 ሊትር፣ ተሸጠም አልተሸጠም እረከባለሁ። ቁጥሩን ያገኘሁት ካለፈው ዓመት ደብተር ነው፤ በ2016 የካቲት በቀን ይህንኑ ያህል ሸጬ ነበር። ሌላው በግምት ሲነግድ እኔ በመረጃ! ጉራዬ አይጣል ነበር።

ከጥምቀት በኋላ እማዬ ውሉን ሰማችና «ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ አይተሃል?» አለችኝ። አላየሁም። በ2016 የገባው መጋቢት 2 ነው። በ2017 ግን የካቲት 17 ገባ። ያወዳደርኩት አንዱን ፍስክ፣ አንዱን እኩሌታው ጾም የሆነ ወር ነው።

የካቲት 17፣ ሰኞ ጠዋት ጀሪካኖቹ እንደ ወትሮው መጡ። እስከ ረፋድ ለሕፃናት የሚሆን 7 ሊትር ሸጥኩ። የቀረው ረጋ፣ ተናጠ። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ20 ሊትር በላይ ወተት ይፈጃል፤ ክንዴ ያውቀዋል። ቅቤው ለፋሲካ ዶሮ ተሸጠልኝ፣ ኪሳራውን ግን አልሸፈነም። ትንሽ ያተረፈኝ ረመዳን ነው። የካቲት 22 ገባና የአዲስ ዓለም ደንበኞቼ ለአፍጥር ማታ ማታ ይወስዱ ጀመር።

አሁን ደብተሬ በወር አይሄድም። ቅበላን ከቅበላ፣ የጾም መግቢያን ከጾም መግቢያ ጋር ነው የማስተያየው። የዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ይመላለሳል፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ቄስ የዓመታቱን ቀድሞ ይነግርሃል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። ይሄ መተንበይ እንኳ አይባልም፣ መጠየቅ ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድ ላይ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝ። «አንተስ ያምና ደብተር አለህ፣ የእኛ ደብተር የ1999 ቆጠራ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ጎንደር ያኔ 207,044 ሰው ነበራት። ትምህርት ቤቱም መድኃኒቱም የሚታቀደው በዚያ ላይ በየዓመቱ የዕድገት መጠን እየተባዛ ነው። ሰው ከገጠር ተፈናቅሎ ሲገባ ማባዣው አያየውም።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። በጥምቀት 90 ሊትር ሸጥኩ ብዬ ጽፌያለሁ። ግን እርጎው ያለቀው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው! ከዚያ በኋላ «እርጎ አለ?» ብሎ የተመለሰው ሁሉ ደብተሬ ውስጥ የለም። አሁን «አልቋል» ባልኩ ቁጥር አንድ ጭረት አደርጋለሁ። ፊት ፊት ሞኝነት ይመስለኝ ነበር።

ለ2018 ስዋዋል ጾሙ ከሚገባበት ከየካቲት 9 ጀምሮ 60ውን ወደ 15 አወረድኩት። ገበሬዎቹ ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ አንዱ አባት ሳቁ። «ልጄ፣ እኛማ በጾም ሁሌም እንንጠዋለን። አምና አንተ ውል አለኝ ስትል ጊዜ ነው ዝም ያልነው።»