እርጅና ክረምት አይደለም

«የዕድሜ ክረምት» የሚለው አነጋገር በረዶ ከሚጥልበት አገር ነው። እዚያ በክረምት ዛፉ ይራቆታል፣ እርሻውም ይቆማል። ጎንደር ላይ ግን ክረምት ጉልበት የሚጠየቅበት ጊዜ ነው፤ በሬ ይጠመዳል፣ ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ አረም አለ። ይህ የጎልማሳ ወቅት እንጂ የሽማግሌ አይደለም።

በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ዓመቱ አራት ክፍል አለው፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25። (መስከረምን ጸደይ ማለት ለምደናል እንጂ በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ጸደይ የበልግ ዝናብ ጊዜ ነው።) ለእርጅና የሚስማማው መፀው ነው። አደይ አበባው ረግፎ ሳያልቅ እሸቱ ይደርሳል፣ ኅዳር ላይ ማጭድ ይነሣል። ዳዊት በ102ኛው መዝሙር (በሌላው ቁጥር 103) የሰውን ዕድሜ ከዱር አበባ ጋር ሲያነጻጽር ለቅሶ ብቻ የሚሰማው ሰው ብዙ ነው። ገበሬው ግን ባቄላው አበባውን ካልጣለ እሸት እንደማይቋጥር ያውቃል።

ክረምቱም ቢሆን ለአረጋውያን የሚሆን ስንቅ አለው። ከነሐሴ 10 ጀምሮ ያለው ክፍል ዕጓለ ቋዓት ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ወላጆቻቸው ትተዋቸው ሲጮኹ እግዚአብሔር እንደሚመግባቸው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ልጆቹ ርቀው የሄዱበት ሰው ይህን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል።

ወደ ሥራው እንምጣ። በመፀው መግቢያ ጾመ ጽጌ አለ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን። የፈቃድ ጾም ነው፤ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም። ስለዚህ አቅም ያነሰው ሰው ቢተወው ሕግ አላፈረሰም። ሕዝቡም «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ሥጋ ይበላ ማለቱ ነው። ጾሙና ተረቱ በዚህ ወር ፊት ለፊት ይጋጠማሉ።

በአረጋውያን ዘንድ ትልቁ ስሕተት ሳይማከሩ መጀመር ነው። የስኳር መድኃኒት ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። ቤተሰብ «ጾም አድክሞት ነው» ብሎ ሲያልፈው ነው አደጋው። እንዲህ ሲሆን ጾሙ እዚያው ይቋረጣል፤ መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጠዋል፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይገባ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ያስተካክል፣ ከዚያ የንስሐ አባት ይጠየቁ። ካህኑ ለታመመና ለደከመ ሰው ሰዓቱን ያሳጥራሉ፣ ወይም በጸሎትና በምጽዋት ይለውጡለታል። ካህኑ ብቻ ተጠይቀው ሐኪሙ ሲዘለል መድኃኒቱ በቀድሞ መጠኑ ይቀራል፤ ችግሩ የሚመጣውም ከዚያ ነው። የጾም ምግቡም ሽሮ ብቻ አይሁን፤ ምስርና ባቄላ፣ አተርም ይጨመርበት፣ ጡንቻ በእርጅና ቶሎ ይሟሽሻልና። ውኃ በብርድ ጊዜ ስለማያሰኝ ሳይጠማም ይጠጣ።

ማኅሌተ ጽጌ፣ የዚህ ጾም ወቅት የሌሊት ዝማሬ፣ ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ይነጋል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም ለወጣቱም ከባድ ነው፤ አዛውንት በመሃል ተቀምጠው ሊሰሙ ይችላሉ። መቋሚያው ለቁመታቸው ይለካ። ከረዘመ ትከሻን ያነሣል፣ ካጠረ ወገብን ያጎብጣል፤ ሲደገፉበት ከብብት ትንሽ ዝቅ ማለቱ ይበቃል። ጫፉ ከተበላ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይከዳል፤ ጎማ ቢያለብሱት ነውር የለውም። በካልሲ የሚገባ ሰው ለስላሳ ወለል ላይ ይጠንቀቅ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ከስግደት ቀጥ ብሎ አይነሣ፤ መጀመሪያ ይንበርከክ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ግድግዳ ወይም መቋሚያ ይዞ ይቁም። ጉልበቱ እምቢ ካለ ራስን ዝቅ አድርጎ እጅ መንሣት ይበቃዋል።

ጾሙ ባለቀ ማግሥት፣ ኅዳር 6፣ ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይነግሣል። መንገዱ ዳገት ነው። አዛውንት ይዛችሁ የምትወጡ ሰዎች በጠዋት ተነሡ፤ ሕዝቡ ሳይበዛ ባጃጅ የሚደርስበት ድረስ በባጃጅ፣ ቀሪውን በእግር፣ በየመሃሉ እያሳረፋችሁ። ጋቢ ያዙላቸው፤ ጠዋት ይበርዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ አውልቃችሁ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።