የኮንዶሚኒየማችንን ውሃ ዲጂታል ትዊን እንዴት እንደሰራሁት

ሰላም ጓዶች፣ ዲጂታል ትዊን ማለት የአንድ እውነተኛ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መንትያ ነው፣ ከእውነተኛው በሚመጣ ንባብ ሁሌ የሚታረም። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ስክሪን ላይ የሚሽከረከር የሚያምር ስሪ ዲ ስዕል ነው፣ እኔ የሰራሁት ግን ሁለት መስመር ያለው ግራፍ ነው፣ አንዱ ውሃው የት ከፍታ ላይ መሆን እንዳለበት አንዱ ደሞ በእውነት የት እንዳለ የሚያሳይ፣ ቁም ነገሩ ያለው ሁለቱ መስመሮች የሚለያዩበት ቦታ ላይ ነው። ይሄን የምጽፈው ነገሩ የትልልቅ ኩባንያ ብቻ እየመሰላቸው የሚተዉት ልጆች ስለበዙ ነው።

ብሎካችን ጂ+7 ነው፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ምድር ያለው ታንከር ይሞላል፣ ከዛ ፓምፑ ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች ይገፋዋል፣ ከሮቶ በራሱ ክብደት ወደየቤቱ ይወርዳል። ቀጣዩ ፈረቃ ሳይደርስ ግን ያልቃል፣ እና በየስብሰባው የላይኞቹ የታችኞቹን የታችኞቹ የላይኞቹን ነው የሚከሱት። ስለዚ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ተነሳሁ፦ ውሃው የት ነው የሚሄደው? ጥያቄው አንድ መሆኑ በጣም ነው የጠቀመኝ፣ ምን መለካት እንዳለብኝ እሱ ራሱ ወሰነልኝ።

የለካሁት የታችኛውን ታንከር ከፍታ፣ የሮቶዎቹን ከፍታ እና ፓምፑ የሚስበውን ከረንት ነው። ኢኤስፒ32 የሚባል ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቦርድ ያነበዋል፣ ኤምኪውቲቲ በሚባል የመልእክት መላኪያ ዘዴ ወደ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይልከዋል፣ እዛ ኖድ-ሬድ የሚባል ፕሮግራም ይቀበለዋል፣ ግራፋና የሚባለው ደሞ በግራፍ ይስለዋል፣ ሶፍትዌሩ ሁሉ በነፃ የሚገኝ ነው። ለከፍታ የተጠቀምኩት በድምፅ የሚለካውን ሴንሰር ነው፣ ከላይ ድምፅ ይልክና ከውሃው ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ወደ ርቀት ይቀይረዋል፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ ሮቶ ጥቁር ስለሆነ ፀሀይ ሲመታው ውስጡ ይግላል፣ ድምፅ ደሞ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል፣ በየአንዱ ዲግሪ በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ። ስለዚ ቀትር ላይ ማንም ሳይሞላው ውሃው የጨመረ ይመስላል፣ በአንድ ሜትር ርቀት የ20 ዲግሪ ልዩነት ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ያሳስታል። እዛው ሮቶ ውስጥ የሙቀት ሴንሰር ጨምሮ ማረም የግድ ነው።

ሌላው የሰአት ጉዳይ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል፣ ስለዚ ቦርዱ ባትሪና የራሱ ሰአት ኖሮት ሚሞሪ ካርድ ላይ እየጻፈ መብራት ሲመጣ ከነሰአቱ መላክ አለበት፣ ካልሆነ የሌሊቱ ንባብ የጠዋት ሆኖ ይገባና ሞዴሉ ያብዳል። ትዊን ሲባል ሁሉም ስለ ኤአይ ያወራል፣ በኔ እይታ ግን ከኤአይ በፊት ትክክለኛ ሰአት ይቅደም።

ሞዴሉን የሰራሁት በኢፓኔት ነው፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በነፃ የሚያወጣው የውሃ መስመር ማስያ ነው። ቧንቧውን፣ ከፍታውን፣ ፓምፑን ታስገባላችሁ፣ ለየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይፈጃል። ግን እዚህ ድረስ ሞዴል ብቻ ነው፣ ገና ትዊን አልሆነም፣ ትዊን የሚሆነው እውነተኛው ንባብ ሁሌ እየገባ ሲያስተካክለው ነው። ለምሳሌ ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የአዲስ ፓምፕ ነው፣ የኛ አርጅቷል፣ ስለዚ ሰው በተኛበት ሰአት ሮቶውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሞላ እያየሁ ትክክለኛ አቅሙን ከዳታው አወጣሁት። ብዙ ሰው የዚህ ሀሳብ መነሻ ብሎ የሚጠቅሰው አፖሎ 13ን ነው፣ በ1970 የኦክስጅን ታንኩ ሲፈነዳ ናሳ መሬት ላይ ያሉትን ሲሙሌተሮች መንኮራኩሩ በዛች ሰአት ካለበት ሁኔታ ጋር አመሳስሎ መፍትሄውን መጀመሪያ እዛ ላይ ሞከረ። የአውሮፕላን ሞተር ላይ የሚሰራውም፣ የስፔኗ ቫሌንሲያ ለከተማዋ ውሃ መስመር የሰራችውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው።

እና ምን አገኘሁ? ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰአት ፓምፑ ጠፍቶ፣ ፈረቃውም ሳይሆን፣ ሞዴሉ ሁለቱም ታንከሮች ቀጥ ብለው ይቆያሉ ይላል፣ ሴንሰሩ ግን የላዩ ይወርዳል፣ የታችኛው ይጨምራል ይላል! የኛ የመግፊያ ቧንቧ ሮቶው ውስጥ የሚገባው ከታች በኩል ነው፣ ስለዚ ፓምፑ ጋ ያለው ቼክ ቫልቭ (ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ካልዘጋ ውሃው በመጣበት ይመለሳል፣ ጠዋት በመብራት መልሰን እንገፋዋለን። ለጥበቃችን ስነግራቸው «ልጄ፣ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ቧንቧው ሲያጉረመርም እሰማው የለ እንዴ» አሉኝ። ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ይሄ ነው፣ እንዲህ አይነት ስራ ስትጀምሩ መጀመሪያ ማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ሰው ጠይቁ፣ አሁን ጋሼ የሚሰሙትን በስልክ ይነግሩኛል፣ ከነሰአቱ ከዳታው ጋር አስገባዋለሁ።

ቫልቩ ተቀየረ፣ የታችኛው ታንከር ሌሊት መጨመሩን አቆመ። ሮቶው ግን ትንሽ ትንሽ መውረዱን ቀጠለ፣ እሱ የማይዘጋ የሽንት ቤት ፍላሽ ነው፣ በየቤቱ እየዞርን አየን፣ ብዙ ነበር። ኮሚቴው ከዛ በኋላ በየቤቱ ሴንሰር እንድገጥም ጠየቀኝ፣ እምቢ አልኩ፣ ማን ስንት ሰአት እንደሚታጠብ የሚያሳይ ዳታ ጎረቤት እጅ መግባት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ፓምፑ ላይ የንዝረት ሴንሰር እየጨመርኩ ነው፣ ኩሽኔታው ከመበላቱ በፊት ለማወቅ። ቢራ፣ ሲሚንቶ ወይ ዳቦ ፋብሪካ የምትሰሩ ካላችሁ፣ ፒኤልሲ (ማሽኖቹን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ያለበት ፋብሪካ ንባቡ በአብዛኛው አለ፣ የሚጎድለው ከጎኑ ቁጭ ብሎ «አሁን መሆን የነበረበት ይሄ ነው» የሚል ስሌት ነው፣ ከአንድ ምድጃ ወይ ከአንድ ፓምፕ ጀምሩ፣ የኖድ-ሬዱን ፋይል የሚፈልግ ይጻፍልኝ እልክለታለሁ።