የሙስጠፋ ናዳሬቪችን ታሪክ ስጽፍ

ነገሩ የጀመረው ቪየና ውስጥ፣ በሥራ እረፍት ሰዓት ነው። ቦስኒያዊቷ ባልደረባዬ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ስልካቸው ላይ አንድ ሽማግሌ እያዩ ለብቻቸው ይስቃሉ። ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ "ኢዜት ነዋ!" አሉኝ። ኢዜትን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስላቸውም።

ኢዜት ከ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀምሮ በታየው "እብድ፣ ግራ የተጋባ፣ ጤነኛ" በተሰኘ፣ የቦስኒያ ዋና ከተማ በሆነችው በሳራዬቮ በተሠራ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ ያለው ቋጣሪ አያት ነው። ገንዘብ ላለማውጣት የማይዋሸው ውሸት የለም። ተዋናዩ ሙስጠፋ ናዳሬቪች ነው። በአማርኛ ልጽፈው ተነሳሁ።

የመጀመሪያ ረቂቄ የሥራ ማመልከቻ ይመስል ነበር። በ1943 ቦስኒያ ውስጥ ባንያ ሉካ ተወለደ፣ የክሮኤሺያ ዋና ከተማ ዛግሬብ ድራማ ተማረ፣ በክሮኤሺያ ብሔራዊ ቴአትር ተወነ። ይኸው ነው። ባሰ ደግሞ ስሙን "ናዳሬቪክ" ብዬ ሳነበው ባልደረባዬ በሳቅ ሞቱ። ያየሁት የእንግሊዝኛ ገጽ ከመጨረሻዋ ፊደል (ć) ላይ ጭረቷን ጥሏት ኖሯል። "ች" የምታሰኘው እሷ ናት። ፊደላችን እኮ ች፣ ሽ፣ ዥ ሁሉ አለው! ከዚያ ወዲህ ስም ከአፍ ሰምቼ እንጂ አልጽፍም።

ቀልዶቹንም ለመተርጎም አንድ ሌሊት ለፋሁ። ሞቱብኝ። ተውኩት።

መንገዱን ያገኘሁት "ፍጹም ክብ" የተባለውን የአዴሚር ኬኖቪችን የ1997 ፊልም ሳይ ነው። ናዳሬቪች ሐምዛ የሚባል ገጣሚ ነው። ጊዜው የቦስኒያ ጦርነት ነው፤ ሳራዬቮ ተከባለች። ሚስቱንና ልጁን ከከተማዋ ይሸኛል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ወላጅ አልባ የሆኑ ሁለት ልጆች ያገኛል። ድምፁን ሰማሁት፤ ያው የኢዜት ሻካራ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። እዚያ የሚያስቀው፣ እዚህ ጉሮሮ ይይዛል። በ1985 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ከፍተኛውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባን፣ ባገኘው የዳይሬክተር ኤሚር ኩስቱሪትሳ ፊልም ውስጥ ደግሞ የእህቱን ባል ለእስር የሚዳርግ ባለሥልጣን ሆኖ ሠርቷል። ጽሑፌን ከድምፁ ጀመርኩት፤ የልደት ቀኑን መሃል ወሸቅኩት።

አንድ ነገር ቀረ። በ2020 ያረፈው ዛግሬብ ነው። የቦስኒያ ነው ልበል የክሮኤሺያ? ባልደረባዬን ጠየቅኳቸው።

"የእኛ ነው።"

"እኛ ማለት?"

ሰዓታቸውን አዩ። "እረፍት አልቋል፣ ተነሽ።"

ሁለቱንም ጻፍኩ።