ስድስት መራጭ ያለው መንደር

አጎቴ ከደንበጫ ሊጠይቁን ቦስተን ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ወደቡም ሙዚየሙም ሰልችቷቸዋል። አንድ ማታ ዜና እያየን ስለ ዲክስቪል ኖች ተወራ። ኒው ሃምፕሻየር ጫፍ፣ ካናዳ ድንበር አካባቢ ያለች ቦታ ናት። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ገና ሲባት ድምፅ ሰጥታ፣ ቆጥራ፣ ውጤቷን ለዓለም ትናገራለች። በዚያ ዓመት መራጩ ስድስት ሰው ነበር። አጎቴ በ1997ቱ ምርጫ የጣቢያ አስፈጻሚ ነበሩ። "ይሄንንማ ሳላይ አልሄድም" አሉ።

ጥቅምት 2017 ውስጥ አንድ ሐሙስ ከሥራ መልስ ተነሳን። አራት ሰዓት ገደማ ነዳሁ። ጨለማው ውስጥ "ለሙስ ፍሬን ያዙ" የሚል ምልክት ይመላለሳል። ሙስ ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው "ፈረስ የሚያህል አጋዘን በመንገድ ላይ ለቀው እንዴት ይተኛሉ?" ብለው እስክንደርስ ዓይናቸውን ከመስታወቱ አልነቀሉም።

ሞቴሉ ስልኬ ላይ 149 ዶላር ነበር። ስንደርስ 189 ሆነ። ቀለሙን የሚለውጠውን የዛፍ ቅጠል ለማየት የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው አለኝ ልጁ። ቅጠሉ እኮ ረግፎ አልቋል! ማሞቂያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ የሚተፋው ግን ብርድ ነው። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲነጋ "ደንበጫ በዚህ ብር ሆቴሉን ከነላሙ ይሰጡሃል" አሉኝ።

ዓርብ ስለሆነ ቁርስ የጾም ፈለግን። ኮልብሩክ ከተማ አንዲት ጠና ያለች አስተናጋጅ አጃውን ያለ ወተት፣ በውሃ አስቀቅላ፣ በላዩ ፖም ከትፋ አመጣችላቸው። ሁለተኛውን ሳህን አላስከፈለችንም። አጎቴ ደስ ሲላቸው ጥያቄ ይወዳሉ። "ማንን ነው የምትመርጠው በልልኝ።" እንዲህ አይጠየቅም ብላቸውም አልሰሙም። አፍሬ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። "ባሌም አያውቅም፤ 30 ዓመት አብረን ኖረናል" አለች።

ዲክስቪል ከዚያ ሩቅ አይደለም። ደርሰን ከተማዋን ፈለግን፤ ከተማ የለም። ገደል፣ ትንሽ ሐይቅ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የተዘጋ ግዙፍ ሆቴል። የእኩለ ሌሊቱን ምርጫ እዚህ ያስጀመሩት የሆቴሉ ባለቤት ኒል ቲሎትሰን ናቸው፤ የላስቲክ ፊኛና ጓንት ፋብሪካ የነበራቸው ሰውዬ። 102 ዓመት ኖረዋል። የመጀመሪያው በ1960 እ.ኤ.አ. ነበር። ኒክሰን 9፣ ኬኔዲ 0።

"ዘጠኝ ለዜሮ?" አሉ አጎቴ። "ይሄማ የኛ አገር ነው።"

በ2012 እ.ኤ.አ. ኦባማና ሮምኒ አምስት ለአምስት እኩል ወጡ ስላቸው አላመኑኝም። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምስቱም ባይደንን መረጡ። በሕጉ የተመዘገበው ሁሉ ድምፅ ከሰጠ ጣቢያው ወዲያው መዘጋት ይችላል። ስለዚህ መቶ ከመቶ ይወጣሉ። አጎቴ ግን ሌላ ነገር ያዛቸው። "አምስቱም አንድ ሰው ከመረጡ ምስጢሩ የታለ?" ሐይቁ ዳር ቆመው የ1997ቱን ነገሩኝ። ሰልፉ ከንጋት እስከ ሌሊት ነበር። መብራት ጠፍቶ በፋኖስ ቆጠሩ። የኢሕአዴግ ንቧም የቅንጅት ሁለቱ ጣቶችም በየክምራቸው፤ የማን ወረቀት የማን እንደሆነ ግን በሺው ውስጥ ጠፋ። "የሚደብቅህ ብዛት ነው" አሉ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። መኪና ውስጥ ገባን። ከምሳ በኋላ ያለው መንገድ ትዝ አይለኝም፤ እሳቸውም ተኝተው ነበር።

ምርጫው ሲደርስ አጎቴ አገር ገብተዋል። ሌሊቱን አምሽቼ ጠበቅኩ። አንድ ሰው የአሜሪካን መዝሙር በአኮርዲዮን ተጫወተ፣ ስድስቱ ወረቀታቸውን ከተቱ፣ ተቆጠረ። ሃሪስ 3፣ ትራምፕ 3። ወዲያው ደወልኩ። ደንበጫ ጠዋት ሁለት ሰዓት አልፏል።

"ቆይ፣ ስንቱ ነው በፓርቲ የተመዘገበው?"

"አራቱ ሪፐብሊካን፣ ሁለቱ ምንም። በጥር ደግሞ የሪፐብሊካን ዕጩ ሲመረጥ ስድስቱም ለኒኪ ሄሊ ነበር የሰጡት።"

ትንሽ ዝም አሉ። ሲያሰሉ ነው።

"እንግዲያ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ለሃሪስ ሰጥቷል። አሁን እዚያ ቤት ውስጥ እየተያዩ ነው።" ሳቁ። "ያቺ አጃ ያበላችኝስ? ማንን መረጠች?"

"እንዴት ብዬ ልወቅ ጋሼ? ባሏ እንኳ አያውቅም።"