ትንንሾቹ ቃላት በለንደን

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የዘንድሮውን ክረምት ያሳለፍኩት ለንደን በሚኖሩት አክስቴ ቤት ሲሆን፣ ከግንቡና ከድልድዩ ይበልጥ ቀልቤን የሳበው የሰዉ አነጋገር ነበር። ደብተር ይዤ በአውቶቡስ፣ በገበያና በባቡር ጣቢያ ስዞር የሰማሁትን ሁሉ እጽፍ ነበር። የሄድኩበትም ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ይማራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሰጣቸዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ጎበዝ ልጅ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እንዴት እንደሚያዘጋጁ በእንግሊዝኛ ጽፎ ያስረዳል። ባለሱቅ ከደንበኛው ጋር የሚነጋገርበትን እንግሊዝኛ ግን ሰምቶት አያውቅም፤ መጽሐፉ ውስጥ የለማ! ረጃጅሞቹን ቃላት አስታጥቀን አጫጭሮቹን እንነፍገዋለን። ኑሮ ደግሞ የሚገፋው በአጫጭሮቹ ነው።

ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ስሳፈር መጀመሪያ የጻፍኩት «ማይንድ ዘ ጋፕ» የሚለውን ማስታወቂያ ነው። በባቡሩና በመድረኩ መካከል ባለው ክፍተት እግርህ እንዳይገባ ተጠንቀቅ ማለት ሲሆን፣ ከ1968 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሲነገር ኖሯል። ተማሪዎቼ «ማይንድ» ማለት አእምሮ ነው ብለው ሸምድደዋል፤ እውነት ነው፣ አልተሳሳቱም። እዚህ ግን ቃሉ መጠንቀቅ ነው። እዚያው ፉርጎ ውስጥ አንዲት ሴት ባዶ ወንበር እያሳየች «ዱ ዩ ማይንድ?» ስትል ልቀመጥ ወይ ብላ ፈቃድ መጠየቋ ነበር። ቦርሳው የነካት ሰው ይቅርታ ሲጠይቃት ደግሞ «ኔቨር ማይንድ» አለችው፤ ግድ የለም ማለቷ ነው። አንዱ ቃል ባልንጀራው በተለወጠ ቁጥር ሥራው ይለወጣል። ነጠላ ቃላትን በአንድ በኩል፣ ፍቺያቸውን በሌላ በኩል ደርድሮ ማስጠናት ለዚህ አይበቃም።

ስለዚሁ ማስታወቂያ የማልዘለው ታሪክ አለ። ድምፁን ከቀረጹት ተዋንያን አንዱ ኦስዋልድ ሎረንስ በ2007 ከሞተ በኋላ፣ ባለቤቱ ኢምባንክመንት ጣቢያ እየሄደች ድምፁን ታዳምጥ ነበር። በ2012 መጨረሻ ላይ ቅጂው በአዲስ ሲተካ ለባቡር ድርጅቱ አመለከተች፤ በቀጣዩ ዓመት ድምፁ ወደዚያ ጣቢያ ተመለሰ። እኔም ኢምባንክመንት ወርጄ ሰማሁት። ሦስት ቃላት ብቻ ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ ግን ተጽናንቶባቸዋል።

በሱቅና በምግብ ቤት ያስተዋልኩት ሌላ ነው። እኛ አክብሮትን የምናኖረው ግሱ ውስጥ ነው። «እስቲ ውሃ ይስጡኝ» ብንል በቂ ነው፤ «ይስጡኝ» ራሱ አክብሯል። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ስለሆነ አክብሮቱ ሌላ ማደሪያ ይሻል። ያገኘውም «ካን አይ ሃቭ» (ላገኝ እችላለሁ?)፣ «ኩድ ዩ» (ይችሉ ይሆን?)፣ «ፕሊዝ» (እባክዎ) በሚሉት ሐረጎች ውስጥ ነው። የኛን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የሚያዞር ሰው «ጊቭ ሚ ዋተር» ይላል። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ለሰሚው ግን ትእዛዝ ነው። ጨዋ ልጆቻችን ባሕር ማዶ ሄደው ያለጥፋታቸው ባለጌ ሲባሉ ያሳዝነኛል። ይህን አንድ ነገር ሳይነገራቸው ባይሄዱ እወዳለሁ።

ሰላምታቸውም አጭር ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ «ኦልራይት?» (ደኅና?) ትላለች፤ ደንበኛው መልሶ «ኦልራይት» ይላታል፤ አለቀ። የከብቱን የዘመዱን ደኅንነት እየጠየቀ ላደገ ሰው ይከብዳል።

አንድ ቀን ከፍሊት ጎዳና ገባ ብዬ ጋፍ ስኩዌር ቁጥር 17ን ጎበኘሁ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 የታተመውን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው እዚህ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ስድስት ጸሐፊዎች ሲያግዙት የነበሩበትን ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍል ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከአርባ ሁለት ሺህ በላይ ቃላት ሰብስቧል፤ ያስገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ጆንሰን ቃሉን ፈትቶ ብቻ አይተወውም፤ ደራስያን እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ጥቅስ ያመጣለታል። «ቴክ» (መውሰድ) ለሚለው ለዚያ ሚጢጢ ግስ 134 ፍቺዎች ሰጥቶታል። ትልልቆቹ ቃላት በአንድ መስመር ሲፈቱ ትንሿ ገጾች ፈጀች። መምህራን ሁሉ ይህን ቢያዩት አልኩ። በነገራችን ላይ ሰውየው አገራችንን ሳያያት ልቡ የተሰቀለባት ነበር። በ1735 የካቶሊካዊውን ሚስዮናዊ የአባ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ አሳትሟል፤ በ1759 ደግሞ እዚሁ ቤት ሳለ ስለ አቢሲኒያው ልዑል ስለ ራሴላስ ልብ ወለድ ጽፏል።

አክስቴ በየሳምንቱ ወደ ሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ለንግግር ልምምድ ይሄዳሉ፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የባንግላዴሽ፣ የሶማሊያና የፖላንድ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የምታስተምረው በበጎ ፈቃድ የምታገለግል ጡረተኛ ናት። የቃላት ዝርዝር አታድልም። «ጎረቤትሽ ሌሊት ሙዚቃ ከፍቶ እንቅልፍ ነሣሽ፤ ጠዋት ደረጃው ላይ ብታገኚው ምን ትይዋለሽ?» ትላለች። ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገራሉ፤ ከዚያ የሚያለዝበውን አነጋገር ትጨምርላቸዋለች፤ እንደገና ይሉታል። ደግማ ደጋግማ ታስላቸዋለች። በዚያች አንዲት ሰዓት የሰማሁት ንግግር በእኔ ክፍል በወር አይሰማም።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ አንድ ነገር ነገሩኝ። «አየህ ልጄ፣ ቃሉንማ ድሮም አውቀዋለሁ። የቸገረኝ ሲናገሩት አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደ ጀመረ መለየት ነው።» ልክ ናቸው። «ጌት ኦፍ» (ውረድ) ተብሎ የተጻፈው ከሾፌሩ አፍ ሲወጣ «ጌቶፍ» ነው። ያንን የሚያስለምደው ጆሮ ብቻ ነው።

አክስቴ ለሐኪም ቀጠሮ ሁልጊዜ የሚያስደውሉት በልጃቸው ነበር። ሕመማቸውን ለልጅ እየነገሩ ማስተርጎም አልወደዱትም፤ ሁሉም ለልጅ የሚነገር አይደለም። ልመለስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ፣ ክሊኒኩ ስልክ ማንሣት በሚጀምርበት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ራሳቸው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር እሰማለሁ። «ካን አይ ቴክ ዩር ኔም?» አለቻቸው፤ ስማቸውን በፊደል እየቆጠሩ ነገሯት። የልደት ቀናቸውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተናገሩ። «ቤር ዊዝ ሚ» ስትላቸው አልደነገጡም፤ ጥቂት ይታገሡኝ ማለቷ እንደሆነ ከቤተ መጻሕፍቱ ያውቁታል። ቀጥላ ሐሙስ «ሃፍ ናይን» አለች፤ በፈረንጆቹ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ማለቷ ነው። አክስቴ አመስግነው ስልኩን ዘጉና እስክሪብቶ አንሥተው ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ «ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል» ብለው በአማርኛ ጻፉ።