ሁዳዴ፣ ሮክፊሽና የቼሳፒክ መዝጊያ ወራት

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ዙሪያ ለሚያጠምድ ሐበሻ ሁለት ነገሮች ክፉኛ ይጋጩበታል። ቤት ውስጥ አሳ በብዛት የሚጠየቀው በሁዳዴ ነው። ሮክፊሽ የሚባለው አሳ ደግሞ ከባሕር ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ (ቤይ) ወንዞች ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው በዚያው ሰሞን፣ ኤፕሪልና ሜይ መጀመሪያ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወው። የሚበላው ቤተሰብ ግን ብዙ ነው፣ ፒሩ ላይም፣ ውሃው ላይ በተዘረጋው ማጥመጃ መድረክ፣ ዘንጉ የሚበዛው ያኔ ነው። የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ መጥቶ ሳጥን ሲያስከፍት የሚቀጣው ወገናችን አብዛኛውን ጊዜ ካሌንደሩን ማንም ያልነገረው ሰው ነው።

ሮክፊሽ የሜሪላንድ ሰዎች አጠራር ነው፤ ሌላው አሜሪካዊ ስትራይፕድ ባስ ይለዋል። በአትላንቲክ ዳርቻ የሚዋኘው አብዛኛው ሮክፊሽ የተፈለፈለው እዚሁ ቼሳፒክ ውስጥ ስለሆነ፣ እዚህ የሚበላሸው ነገር እስከ ሜይን ድረስ ይታያል። ደግሞም አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ያውቃል። ከመጠን በላይ ተጠምዶ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል፣ ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 1985 ጀምሮ ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ ከለከለች፤ ቨርጂንያም በ1989 ተከተለች። በ1990 በጥቂቱ ተከፈተ፤ በ1995 የአትላንቲክ ግዛቶች የባሕር አሳ ኮሚሽን አሳው አገግሟል አለ። በ2019 የወጣው ግምገማ ግን እንደገና ከመጠን በላይ እየተጠመደ መሆኑን አሳየ።

አሁን የሚያስጨንቀው ትልቁ አሳ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ናቸው። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየበጋው ጫጩት ትቆጥራለች። 100 ጫማ መረብ ይዘው በላይኛው ቤይ፣ በፖቶማክ፣ በቾፕታንክና በናንቲኮክ ወንዞች 22 ቦታዎች ላይ ዳርቻውን ይጎትታሉ፤ በየቦታው ሦስት ጊዜ እየተመለሱ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሁለቴ፣ በጠቅላላው 132 ጉተታ። በአንድ ጉተታ የሚገኘው የዓመቱ ጫጩት የረጅም ዘመን አማካይ 11 ገደማ ነው። በ2011 ወደ 35፣ በ2015 ደግሞ 24 ደርሶ ነበር። ከ2019 ወዲህ ግን አንድም ዓመት አማካዩን አልነካም፤ 2023 ላይ 1.0፣ 2024 ላይ 2.0፣ 2025 ላይ 4.0 ነበር። ጫጩቱ እንዲያድግ ቀዝቃዛ ክረምትና ውሃ የሞላበት ጸደይ ይፈልጋል፤ ያኔ ነው የሚመገባቸው ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት በልኩና በጊዜው የሚገኙት። ክረምቱ ሞቆ ወንዙ ሲቀንስ ጫጩቱና ምግቡ ሳይገናኙ ይቀራሉ። የአየሩን ጠባይ አጥማጅ አይቀይረውም። በእጁ ያለው ነገር፣ ለመውለድ የደረሰችውን ሴት አሳ አለመንካት ነው።

ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። የዝናቡ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣውን አሳ፣ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ በመረብ መጠበቅ ምን እንዳስከተለ አጥማጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ካሌንደሩን እንመልከት። በ2024 እና በ2025 በሜሪላንዱ ቼሳፒክ ከጃንዋሪ እስከ ማርች መጨረሻ ማጥመድ የሚቻለው ለመልቀቅ ብቻ ነበር። ከኤፕሪል 1 እስከ ሜይ 15 ፈጽሞ ዝግ፤ በመራቢያ ወንዞቹ ውስጥ ከዚያም ይረዝም ነበር። ከሜይ 16 እስከ ጁላይ 15 ክፍት፣ ከጁላይ 16 እስከ 31 ዝግ፣ ከኦገስት 1 እስከ ዲሴምበር 10 እንደገና ክፍት ነበር። ቨርጂንያ ግን ከሜይ 16 እስከ ጁን 15 ብቻ ከፍታ እስከ ኦክቶበር 4 ትዘጋ ነበር። የፖቶማክ ወንዝ ከዲሲ ወሰን በታች በሁለቱም ሥር አይደለም፤ የራሱ የአሳ ኮሚሽንና የራሱ ቀን አለው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር ዘመዱ «ተከፍቷል» ስላለው ቨርጂንያ ዳር ቆሞ ያጠምዳል። ቀኖቹ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየሩ፣ ያለፈው ዓመት ወረቀት መኪናው ውስጥ ቢኖርም የዘንድሮውን ሳያዩ አይውጡ።

«ዝግ» የሚለው ቃልም በደንብ ይታወቅ። በእነዚያ ዓመታት ሜሪላንድ ውስጥ በኤፕሪል ሮክፊሽን ይዞ መልቀቅም አይፈቀድም ነበር፤ «ልለቀው ነው» የሚለው መልስ አያድንም ነበር። ምክንያቱም የሚለቀቅ አሳ ሁሉ አይተርፍም። የአትላንቲክ ግዛቶቹ ኮሚሽን በስሌቱ የሚጠቀመው ከተለቀቁ 100 ሮክፊሾች 9ኙ ይሞታሉ ብሎ ነው። ዘጠኝ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሚለቀቀው አሳ በሚሊዮን ስለሚቆጠር፣ በአንዳንድ ዓመታት ከሚጠፋው አሳ ግማሽ ያህሉ ተለቆ የሞተው ነበር።

የሚገድለውም በአብዛኛው መንጠቆው የገባበት ቦታ ነው። ፒር ላይ የሚታየውን አስቡት፤ ዘንጉ የፒሩ አጥር ላይ ተደግፎ ይተዋል፣ ሰው ሻዩን ይዞ ወሬ ይጀምራል። አሳው ማባበያውን አንስቶ ማንም ሳያውቅ ይውጠዋል፣ ተራው መንጠቆ ሆዱ ውስጥ ይተከላል። ለዚህ ነው ከ2021 ጀምሮ በአትላንቲክ ዳርቻ ሁሉ በማባበያ ምግብ ሮክፊሽ የሚያጠምድ ሰው ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም የተገደደው። የክብ መንጠቆ ጫፉ ወደ ግንዱ የታጠፈ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኙት ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት አለበት፣ ወደ ጎን የተጣመመው አይፈቀድም። አጠቃቀሙም ይለያል። አሳው ሲጎትት ዘንጉን በኃይል መንጨት የለም፤ እንደዚያ ከተደረገ መንጠቆው ከአፉ ተንሸራቶ ይወጣል። ክሩ እስኪወጠር ጠብቆ ዝም ብሎ መጠቅለል ነው፤ መንጠቆው ራሱ ዞሮ የአፉን ጥግ ይይዛል። ማባበያው መንጠቆውን ሞልቶ ጫፉን ከሸፈነው አይሠራም፤ ጫፉ ይታይ።

ከፒር ላይ አሳ በክር አንጠልጥሎ ማውጣት መንጋጋውን ይቀዳል። በገመድ የሚወርድ ክብ መረብ ይዛችሁ ሂዱ፤ አሳውን እዚያ አስገብታችሁ አንሱት። እጅ ይርጠብ፣ ደረቅ እጅና ደረቅ ጣውላ ቅርፊቱን የሚጠብቀውን ዝልግልግ ይገፉበታል፣ ቁስሉም በኋላ ይመረቅዛል። በስንጥቡ ጣት አይገባም፤ አንድ እጅ ከንፈሩን፣ ሌላው ሆዱን ይደግፍ። መንጠቆው ከተዋጠ ለማውጣት አትታገሉ፣ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። ሁሉም ነገር በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይለቅ። ቀጭን ክርም አይጠቅምም፤ ትግሉ በረዘመ ቁጥር አሳው ይደክማል። 20 ፓውንድ የሚችል ክር ይበቃል።

በበጋ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እንኳ ላይበቃ ይችላል። የላይኛው ውሃ ይሞቃል፣ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን ያጣል፤ ሮክፊሽ በሁለቱ መካከል ባለች ቀጭን ሽፋን ይታፈናል። በ2024 እና በ2025 የነበረው የጁላይ መዝጊያ ለዚህ ነበር። ሜሪላንድ በበጋ ለየቀኑ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የሚሰጥ ትንበያ ታወጣለች፤ የአየሩ ሙቀት 95 ፋራናይትና ከዚያ በላይ እንደሚሆን ሲጠበቅ ቀኑ ቀይ ነው። በቀይ ቀን ማጥመድ በሕግ አልተከለከለም፤ ግን ሮክፊሽ ባይነካ ይሻላል። ቢጫ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ከረፋዱ በፊት መመለስ ነው።

ልኩ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በቼሳፒክ ለአንድ ሰው በቀን አንድ አሳ፣ ከ19 እስከ 24 ኢንች ነው፤ በሴንቲሜትር 48 ከምናምን እስከ 61 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ሜትሩን በአሳው ሆድ ላይ የሚያጥፍ ሰው ጥምዝማዙን ጨምሮ ስለሚለካ 18 ተኩሉን 19 ያደርገዋል። አሳው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይተኛ፣ አፉ ተዘግቶ አፍንጫው ግድግዳውን ይንካ፣ የጅራቱ ሁለት ጫፍ ተቆንጥጦ ይገናኝ፤ ያኔ የሚነበበው ቁጥር ነው ልኩ። ቤት ሳይደርስም አይቆረጥ፤ ፖሊሱ የሚለካው ሙሉውን አሳ ነው።

ታዲያ ሳጥኑ ባዶ ይመለስ ወይ? አይደለም፤ ቤዩ ውስጥ ያለው አሳ ራሱ እየተቀየረ ነው። ቀድሞ ወደ ደቡብ ይበዛ የነበረው ሬድ ድረም፣ ጅራቱ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ አሁን ሜሪላንድ ድረስ በብዛት ይያዛል፤ በ2024 እዚያ የሚፈቀደው ከ18 እስከ 27 ኢንች አንድ ነበር። ለሁዳዴ ግን ዋናው መልስ ብሉ ካትፊሽ ነው፤ በእኛ አፍ የአምባዛ ዓይነት። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ቨርጂንያ ወንዞች ውስጥ ለአጥማጆች ተብሎ ተለቀቀ፣ ጨው ቀመሱን ውሃ ችሎ ቤዩን ሁሉ አዳረሰ፤ ሸርጣኑንም ሌላውንም አሳ እየበላ ይጨርሳል። ሜሪላንድ ውስጥ ልክም፣ ቁጥርም፣ መዝጊያ ወርም የለውም፤ ፈቃድ ብቻ ይዞ ኤፕሪል ላይ የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይቻላል። የተቆረጠ ትኩስ አሳ በክብ መንጠቆ ከታች ማስቀመጥ ነው። ማታ ላይ ይሻላል። ሮክፊሽ ከመጣ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ ተፈትቶ ይሄዳል።

ለምግብ ትንንሹን ምረጡ። ትልልቁ ዕድሜ ልኩን የበላው መርዝ በስቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ቆዳው ይገፈፍ፣ የሆዱ ስብ ይጣል፣ በጎኑ መካከል የሚሄደው ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋም በቢላ ይውጣ፤ ጭቃ ጭቃ የሚለው ጣዕም ያለው እሱ ውስጥ ነው።