ወንድሜ ዛሬ ከእግር ኳስ ክለብ ሙከራ ተመለሰ

ታናሽ ወንድሜ ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። "ሰውነትህ ትንሽ ነው" ብለውት። ምሳም አልበላም።

ምን ልበለው? የእንግሊዛዊውን አጥቂ የጄሚ ቫርዲን ነገር አነሳሁለት። እሱንም በ16 ዓመቱ ሼፊልድ ዌንስዴይ የሚባለው ክለብ "ትንሽ ነህ" ብሎ አሰናብቶታል። ከዚያ ስቶክስብሪጅ ለሚባል ትንሽ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተጫወተ፣ ቀን ቀን ፋብሪካ ይለፋ ነበር። በጠብ ተፈርዶበት እግሩ ላይ መቆጣጠሪያ ያሰሩበትም ጊዜ አለ። ሰዓት እላፊ እንዳይደርስበት ከሜዳቸው ውጪ ሲጫወቱ በ60ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወደ ቤት! (ይቺን እንኳ አትከተል አልኩት።)

ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲገዛው 25 ዓመቱ ነበር። በ2015 በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች አገባ። የቀድሞውን የማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ የቫን ኒስተልሮይን ሪከርድ የሰበረው ማን ላይ መሰላችሁ? ራሱ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ። በዚያው የውድድር ዘመን ሌስተር የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ በላ። በ33 ዓመቱ ደግሞ በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

ወንድሜ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "ቁመቱ ስንት ነው?" አለኝ።

"1 ሜትር ከ79።"

"በኋላ አድጓላ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሽሮው እንዲሞቅለት ጠየቀ።